በግራ እግር የገባች ጎል

«ፈርም አንተ ልጅ!» አለ አጎት ላዛሮስ፣ ወረቀቱን በኮኛኩ ጠርሙስና ስኳር በተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ መሃል እየገፋ። «የፖሊካርፖስ ልጅ ፈርሞበታል ከተባለ ሐሙስ ዕለት ማንም አፉን አይከፍትም።»

«ልጅ» የተባለው ስትራቶስ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። የክለቡ የድሮ ስም ይመለስ የሚለውን ወረቀት አየው እንጂ አልነካውም። አባቱ ፖሊካርፖስ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ጢሙ ሳይላጭ መቆጥቆጥ ጀምሯል፣ የሳሎኑ መስታወት በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል፣ በሩም ከጠዋት ጀምሮ አልተዘጋም። እኛ የሜልቦርን ግሪኮች ለቅሶ ቤት ስንገባ «ሕይወት ለእናንተ ይሁን» እንላለን። ከተቀመጥን በኋላ ግን ሩብ ሰዓት እንኳ ሳንታገሥ ወሬውን ወደ ኳስ እናዞረዋለን። ያን ሳምንት ደግሞ በየጥጉ የምንሾካሾከው ሐሙስ ድምፅ ስለሚሰጥበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ክለባችን የድሮ ስሙንና አርማውን ይመልስ ወይስ በአዲሱ፣ ነጎድጓድ በሚለው ይቆይ?

«አሁን የዚህ ጊዜ ነው አጎቴ?» አለ ስትራቶስ።

«ስብሰባውን እኔ አልጠራሁት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነጎድጓድ፣ ነጎድጓድ ሲሉን ኖሩ። የታለ ታዲያ ዝናቡ? አንዲት ዋንጫ እንኳ አምጥተዋል?»

ዙሪያውን የተቀመጡት ሽማግሌዎች ለቅሶ ቤት መሆናቸውን ረስተው ሳቁ፤ ወዲያው ደንግጠው አማተቡ። ላዛሮስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትህ የድሮውን ስም እንዳለ ነው የሞተው። ይህንን ካላደረግህለት ሌላ ምን ልታደርግለት ነው?»

ስትራቶስ በዚያ በር የሚገባውን ለቀስተኛ ሁሉ ሊጠይቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር። አባቴ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ ስጫወት አይቶኝ ያውቃል? ማለት ይፈልግ ነበር። ግን የልጆች አባት ሆኖ እንዲህ ብሎ መጠየቅ አሳፈረው።

ክለቡ ድሮ ሰምርኔስ ነበር የሚባለው፤ አርማውም መርከብ ነበር። የፖሊካርፖስ እናት የግሪኮች የወደብ ከተማ የነበረችው ሰምርኔስ በእሳት ስትጋይ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከወደቡ ላይ አንድ የማታውቀው መርከበኛ በክንዷ አንጠልጥሎ ነው ያወጣት። ፖሊካርፖስ በያጅ ነበር። የሜዳውን የብረት በር የሠራው፣ ከበሩም በላይ የብረቷን መርከብ የሰቀለው እሱ ነው። ወረፋ የያዘውን ሰው እያስቆመ፣ «የእናቴን ከተማ ካርታ ላይ ፈልጋችሁ አታገኟትም። ያለችው እዚህ በር ላይ ነው» ይል ነበር።

ከዚያ ከኳስ ፌዴሬሽኑ ትእዛዝ መጣ። የመጡበትን አገር የሚያስታውስ ስምና ምልክት ያለው ክለብ በሊጉ አይጫወትም፣ ኳሱ የሁሉም ይሁን ተባለ። የክለቡ ሰዎች ተጨቃጨቁ፣ ተሰዳደቡ፣ በመጨረሻም እሺ አሉ። መርከቧ በመጋዝ ተቆርጣ ወረደችና በቦታዋ ቢጫ መብረቅ ተሰቀለ፤ ክለቡም ነጎድጓድ ተባለ። ፖሊካርፖስ ስሙ እስኪመለስ ድረስ ያንን በር ላይረግጥ በእናቱ አጽም ማለ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ለዋናው ቡድን ተጠራ።

ስትራቶስ አዲሱን ማሊያ እንደለበሰ ነበር እየሮጠ ወጥ ቤት የገባው። አባቱ ከሾርባው ቀና ብሎ ደረቱ ላይ ያለውን መብረቅ አየና፣ «መብራት ድርጅት ቀጠረህ እንዴ?» አለው። ስትራቶስ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ተጫወተ፣ መቶ አሥራ ሰባት ጨዋታ። ወደ ሜዳ ሲገባ ሌሎቹ ሣሩን ወይም ተጋጣሚውን ያያሉ፤ እሱ ተመልካቹን አንድ በአንድ ያይ ነበር። ጉልበቱ ተሰብሮ ኳስ ያቆመ ጊዜ አባቱ ሆስፒታል መጥቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ልጦ አበላው፤ ስለ ኳስ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። እውነቱን ለመናገር ስትራቶስ ስሙን ጠልቶት ነበር። የጠላው አዲሱን አይደለም፣ የድሮውን ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሊየን የሩዝ ሾርባ በድስት ይዛ መጣች። ሊየን የክለቡን የሴት ልጆች ቡድን ታሠለጥናለች፤ ቤተሰቧ ከቬትናም ነው የመጣው። ሽማግሌዎቹ ስትገባ ወሬያቸውን ቀየሩ፣ ሐሙስ በየትኛው ወገን እንደምትሰለፍ ያውቃሉና። እሷ ግን በቀጥታ ወደ ስትራቶስ እናት ወደ ኤቫንቲያ ሄዳ አቀፈቻትና፣ መንገዱን ሙሉ ስታጠናው በመጣችው ግሪክኛ፣ «አፈሩ ይቅለልሽ» አለቻት።

ይህ የሚባለው ለሟች ነው።

«ገና አልሞትኩም እኮ የኔ ልጅ» አለች ኤቫንቲያ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፣ ሳቋም ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ሊየን እጇን ይዛ አብራት አለቀሰች።

ስትወጣ ስትራቶስ በረንዳው ድረስ ሸኛት። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አላት።

«ለቅሶ ቤት ነው የመጣሁት፤ አትጠይቀኝ።»

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

«መርከቧን እወዳታለሁ» አለች። «እኛም በጀልባ ነው የመጣነው፣ ያውም በምታፈስ። ስሙ ነው የሚከብደኝ። ልጅ ሆኜ በሩ ላይ ሰምርኔስ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ እናቴ የሰው ቤት ነው ብላ እጄን ይዛ ትመልሰኝ ነበር። ነጎድጓድ ግን የማንም አይደለም፤ ስለዚህ የእኔ ሆነ።»

ስትራቶስ ነገሯ ገባው። የከፋውም እሱ ነው፣ የሁለቱም ወገን ነገር ይገባው ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ላዛሮስ ተመልሶ መጣ። ለቀስተኛው ሳስቷል። ወረቀቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሳይፈረም።

«አልፈርምም» አለ ስትራቶስ። «አባቴ ስሙን መረጠ፣ እኔን ተወኝ። መቶ አሥራ ሰባት ጊዜ ጠብቄው መቶ አሥራ ሰባት ጊዜ ቀረ። አሁን ደግሞ ለስሙ እኔ ላማልድለት?»

ላዛሮስ ባዶውን መለኪያ በጣቱ ሲያዞር ቆየ።

«ማነው ቀረ ያለህ?» አለ በመጨረሻ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ከሜዳው ጀርባ ጎማ ቤት አለ አይደል? ጣሪያው ላይ ይወጣ ነበር። መሰላሉን የምይዝለት እኔ ነኝ። መሐላ ነውና በሩን አልረገጠም። ግን አይቶሃል።»

ስትራቶስ ይህንን ቃል ሠላሳ ዓመት ጠብቆታል። «እውነትህን ነው?» አለ፤ ድምፁ የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነበት።

«ስነግርህ! በግራ እግርህ ያገባሃት ቀንማ፣ ጣሪያው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው።»

ስትራቶስ ተከላካይ ነበር። በመቶ አሥራ ሰባት ጨዋታ አንድም ጎል አላገባም፤ በግራም፣ በቀኝም፣ በጭንቅላትም።

ቀና ብሎ ላዛሮስን አየው። ሽማግሌው የዋሸው ለፊርማው ብሎ ይሁን ለልጁ አዝኖ እኔ እንጃ፤ እሱም ራሱ የሚያውቀው አይመስለኝም። ስትራቶስ ውሸታም ሊለው አፉን ከፈተ።

«ጣሪያ ላይ?»

እናቱ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ኤቫንቲያ ኳስ አታውቅም። የምታውቀው ስድስት ዓመት በየእሑዱ «ዛሬ እንኳ ሂድለት» እያለች ባሏን መለመኗንና እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞሩን ነው።

«በዚያ ወገቡ ጣሪያ ላይ?» አለች። እንባዋ እየወረደ ትስቅ ጀመር። «አየር ልቀበል ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነበር? እኔ ክፉ! ትናንት ሻማውን ሳበራ እንኳ ልጅህን ሳታይ ሞትክ እያልኩ ስወቅሰው ነበር። ይቅር ሳልለው እኮ ነው የቀበርኩት!» ወደ ልጇ ዞረች። «በግራ ነው ያገባኸው?»

ላዛሮስ ምንጣፉን ያያል።

«በግራ ነው እማ» አለ ስትራቶስ።

ብዕሩን አነሣና ፈረመ። ላዛሮስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ቀና ብሎ ሳያየው ወጣ።

ሐሙስ ስሙና አርማው በአሥራ አራት ድምፅ ብልጫ ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ተቃቀፉ፤ «ለፖሊካርፖስ!» ብለው ጮኹ። እጇን ያላወጣችው ሊየን ስትወጣ የስትራቶስን ትከሻ ነካ አደረገችና፣ «መርከቧን አሁን ማን ይበይዳታል?» አለችው።

ቅዳሜ ከመቃብሩ ሲመለሱ እናቱ ሜዳውን አሳየኝ አለችው። እሷም ገብታበት አታውቅም። ዘበኛው ከፈተላቸው፤ ሣሩ ጤዛ ይዟል። ኤቫንቲያ በጥቁር ልብሷ መሃሉን ይዛ ቀስ ብላ ተራመደች።

«የት ሆነህ ነው ያገባሃት?»

ስትራቶስ ዙሪያውን አየ። የተከላካይ እግር ተቃራኒው ጎል ድረስ ብዙም አይደርስም፤ ቦታው እንግዳ ሆነበት። ከመረቡ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ። «እዚህ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

በለቅሶ ጫማው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ጉልበቱ ተንቋቋ። ከዚያ ሮጥ ብሎ ምንም የሌለበትን ሣር በግራ እግሩ መታ።

እናቱ እሱን አላየችም። ጀርባዋን ሰጥታው፣ ፀሐዩን በእጇ ከልላ የጎማ ቤቱን ጣሪያ ትፈልጋለች። «አየኸው?» አለች ወደ ላይ።

ስትራቶስ ጎል እንዳገባ ተጫዋች ቀኝ እጁን ወደ ጣሪያው አነሣ፤ እናቱ ዞራ እስክታየው ድረስም አላወረደውም።