የእንሽላሊት ቀለብ

ሙፈሪሓት የጃኬቷን እጅጌ ሰብስባ ካርቶኑን ከቆሻሻ ገንዳው ጎትታ አወጣችው። የተለጠፈበትን ቡናማ ቴፕ ስትልጠው ጽሑፉ ብቅ አለ፦ «ፌንጣ፤ የቤት እንሽላሊት ቀለብ። ለሰው ምግብነት አይውልም።» በስልኳ ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሳችው።

ገንዳው ያለው ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ከጀላልዲን መጋዘን ጀርባ ነው። ጀላልዲን የፌንጣ ዱቄት ይሸጣል፤ ጂም የሚሠሩ ፈረንጆች ለፕሮቲኑ ብለው ይሻሙበታል። ሥራውን ያስተማረችው እሷ ነበረች። ሲልቨር ስፕሪንግ በተከራየችው ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ፌንጣዎቹን በካሮትና በፉርሽካ ቀልባ ታረባ፣ አድርቃም ትፈጭ ነበር፤ ጀላልዲን በመኪናው ለደንበኞች ያደርስ ነበር። እንደ እሷ የኮምቦልቻ ልጅ ስለሆነ እንደ ወንድም ነበር የምታየው።

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ የምግብ ቁጥጥር ኢንስፔክተር መጣ። መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ ያለ ፈቃድ፣ የሚሸጥ ምግብ ማምረት ክልክል ነው አላት። ሰውየው ትሑት ነበር፤ ግን ያለው ሁሉ እንዲወገድ አዘዘ። ፌንጣዎቹ ባሉበት አርባውም ሳጥን ላይ የፈላ ውሃ የደፋችው በገዛ እጇ ነው። ቀን ከሌት ሲንጫጫ የኖረው ቤዝመንት ጭር አለ። በወሩ ደንበኞቿ በሙሉ ከጀላልዲን መግዛት ጀመሩ። እሷ ፎልስ ቸርች ውስጥ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ሆነች።

የመጋዘኑ የኋላ በር ተከፈተ።

«ሙፊ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ ጀላልዲን።

«ሕጉን እያጠናሁ። ሰው የሚበላው ፌንጣ ከመጀመሪያው ለሰው ተብሎ መርባት አለበት ይላል። አንተ አልነበርክ ያነበብክልኝ?»

ካርቶኑን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄን ገዝቼ የፈጨሁት ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። የኔዎቹ በበሽታ አለቁብኝ፣ ትዕዛዙ ደግሞ አይቆምም። እስካሁን የታመመ ሰው የለም።»

«በኔስ ማን ታሞ ነበር?»

ካርቶኑን ሊወስድባት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም።

«አንተ ነህ ሪፖርት ያደረግከኝ?»

«ላይሰንስ እናውጣ ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ! እምቢ አልሽ። ብትያዢ እኔም አብሬሽ ልጠየቅ ነው። ፈራሁ።»

«ደንበኞቼንም የወሰድከው ፈርተህ ነው?»

ላይሰንስ እናውጣ ብሎ ነግሯት ነበር፤ እውነቱን ነው። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አበገናት።

ጀላልዲን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተመለሺ። እኩል ሸሪክ እንሁን። ይሄን ሁሉ ዛሬውኑ እጥለዋለሁ። ዓሪፋ እርጉዝ ናት፣ ሙፊ። በአላህ ይዤሻለሁ።»

ሚስቱን ዓሪፋን ትወዳታለች። ለሠርጓ ሂና የቀባቻት እሷ ናት። ቢሆንም ካርቶኑን ይዛ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ሞተሩን ሳታስነሳ ለምግብ ቁጥጥር ቢሮ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት አድራሻውን መዘገበች፣ ፎቶዎቹን የት እንደምትልክም ነገረቻት።

«ስምሽን መናገር ግዴታ የለብሽም» አለች ሴትዮዋ። «ብዙ ሰው ሳይታወቅ ነው የሚጠቁመው። ባዶ ልተወው?»

ጀላልዲን ተከትሏት መጥቶ ከመኪናዋ አጠገብ ቆሟል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንደሚል ግን አይሰማም። ሙፈሪሓት መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው።

«አይ፣ ጻፊው» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ፤ ዓይኗን ዓይኑ ላይ እንደተከለች ስሟን ፊደል በፊደል ትነግራት ጀመር።