ለጣሊያን ያለቀስኩ ዕለት

እኔ ብዙነሽ የገሳይ መንደር አልቃሽ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ይጠሩኛል፤ የሟቹን አባት፣ አገሩንና ሙያውን ጠይቄ ሙሾ አወርዳለሁ፤ ለቀስተኛው ይቀበለኛል። ተቀባይ የሌለው አልቃሽ ከእብድ አይለይም።

ጣሊያን በመንደራችን በኩል መንገድ ሲቆርጥ አንድ ጣሊያናዊ ድንጋይ ፈላጭ ገደል ተንዶበት ሞተ። ወታደር አልነበረም፤ እጁ እንደኛ ገበሬዎች የተሰነጣጠቀ ሽማግሌ ነው። ጓደኞቹ መንገዱ ዳር ቀበሩትና ወዲያው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከገበያ ስመለስ ይህን አየሁ። እናቱ ብታይስ አልኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ "ያባትህን ስም ማንን ልጠይቅ፣ አገርህንስ ማን ይንገረኝ" እያልኩ ደረቴን ደቃሁ።

ወሬው ቀድሞኝ መንደር ገባ። በላይነህ ደጄ ላይ ጠበቀኝ። ወንድሙን ጣሊያን ገድሎበታል፤ ለወንድሙም ሙሾ ያወረድኩት እኔ ነበርኩ።

"እትዬ ብዙነሽ፣ ለወንድሜ ባለቀሱበት አፍ ለገዳዩ አለቀሱ?"

"ድንጋይ ፈላጭ ነው እኮ። እሱ ማንን ገደለ?"

"መንገዱስ? ወታደር ሊመጣብን አይደል የሚሠራው?"

አልፌው ወደ ቤቴ ገባሁ። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ከዚያ ወዲህ ለለቅሶ የጠራኝ የለም። እልኸኛ ነኝና ይቅርባቸው አልኩ። ታኅሣሥ ላይ ግን አብራኝ የምትኖር ሙሉ የምትባል እህቴ ሞተች። ቄሱና ተሸካሚዎቹ ቀበሩልኝና ከመቃብሩ ወደየቤታቸው ተበተኑ። ሁለት ቀን መደብ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሙሾ ብጀምር የሚቀበለኝ አጣሁና ከመሃል ተውኩት። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ለጠላቴም አልመኝም።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ነጭ ደጄ ቆመ። ለሽማግሌው ሳለቅስ ከመንገዱ ሆኖ ያየኝ ጓደኛው ነው፤ የእህቴ ሬሳ በመንገዱ ሲያልፍም ሳያየኝ አልቀረም። ልብሱ የድንጋይ አቧራ ለብሷል። ቋንቋችንን አያውቅም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ እንደያዘ እንባው ይወርዳል።

ላስገባው ተነሣሁ። ያኔ የበላይነህ ሚስት እንስራ አዝላ በአጥሩ ማዶ ስታልፍ ዓይኔ ገባች።

"ሂድ ከዚህ! ከአንተ ጋር ምን አለኝ!" ብዬ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮህኩ። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት።

ነጩን ማባረሬ ተሰምቶ ከቀትር በኋላ ቤቱ በሰው ተጨናነቀ። በላይነህም መጣ፤ "እግዜር ያጥናዎ" አለኝ። ሙሾ አወረድኩ፤ ሁሉም አጥብቀው ተቀበሉኝ። ለእህቴ የማለቅስ መሰላቸው። እኔ ያለቀስኩት ግን ባርኔጣውን እንደያዘ ላባረርኩት ሰው ነበር፤ ለእህቴ ብሎ ለቅሶ የደረሰ እሱ ብቻ ነበር።