«እዚችው ናት» የሚል መነጽር

እንዳለው የተባለውን አስጎብኚ «ቅርብ ነው» በማለት የሚስተካከለው አልነበረም። የደባርቅ ልጅ ነው፤ መንገደኛን ማስደንገጥ ነውር ነው ተብሎ ያደገ። ግማሽ ቀን የሚቀረውን ሰው «እዚችው ናት፣ በርታ» ይለዋል። ፈረንጆቹ ግን ይህን ደግነት ውሸት ብለው ከሰሱት። በ2006 ዓ.ም. የአስጎብኚዎች ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ውዱ አስጠራውና፣ «አንድ አቤቱታ ከተደገመብህ አስጎብኚነቱ ቀርቶ በቅሎ ትነዳለህ» አለው።

አስጎብኚው እንዳለው ርቀት የሚለካ ነገር ፍለጋ በቀጥታ ትዕዛዙ ወደሚባል ነጋዴ ሱቅ ሄደ። ትዕዛዙ ቱሪስቶች ትተውት የሚሄዱትን ዕቃ ይሸጣል። በሌዘር ርቀት የሚለኩ ሁለት መነጽሮች አወጣ።

«ይሄኛው ለጎልፍ ነው፤ ቅርብ ያለውን፣ ጉድጓዱ ላይ የተተከለውን ባንዲራ ይይዛል።»

ጎልፍ እንግዲህ ለደባርቅ። ለጥ ያለ ሜዳ ቢገኝ እንኳ ገብስ ተዘርቶበታል።

«ያኛውስ?»

«የአዳኝ ነው። ሩቁን ይለካል፤ ዳገት ቁልቁለቱንም አስቦ ያስተካክላል።»

ነጋዴ ያልገባውን ነገር ሲያወድስ አንደበቱ ይፈታል። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነውና እንዳለው ሁለተኛውን ወሰደ።

በማግሥቱ የጉዞው ወጥ ሠሪ እስከዳር አየችው።

«አንተ፣ አንገትህ ላይ ያንጠለጠልኸው ክታብ ነው? የውዱን ቁጣ ይመልሳል?»

«ይሄ አይዋሽም።»

ከቡይት ራስ አልፈው ገደል አፋፍ ላይ ደረሱ። ጉልበታቸውን በፋሻ ያሰሩ አንዲት አሮጊት እንግዳ፣ ከሥር የምትታየውን የሚያድሩባትን መንደር አሳይተው ርቀቷን ጠየቁ። እንዳለው ኮራ ብሎ አነጣጠረ፤ ቁልፉን ተጫነ። ሁለት መቶ ሜትር።

እስከዳር አጮልቃ አየች። «ይሄ መነጽርህ እንዳንተ ደባርቅ ነው እንዴ የተወለደው? እሱም እዚችው ናት አለ።»

ያስተካክላል የተባለው አግድሙን ብቻ ለክቶ ቁልቁለቱን ጭራሽ ሰርዞታል። ለአዳኝ ይበቃዋል፤ ጥይት የሚያመው ጉልበት የለው። መንገዱ ግን ገደሉን ዞሮ ነው የሚወርደው።

አሮጊቷ መልስ ይጠብቃሉ። ቁጥሩን ቢነግራቸው ተከሳሹ መነጽሩ እንጂ እሱ አይደለም፤ ይህ ሐሳብ ለአፍታ ጣፈጠው። ከዚያ ፋሻውን አየ።

«እመቤቴ፣ መነጽሩ ሁለት መቶ ሜትር ይላል። በእግር ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የምንደርስ። በቅሎ ይሻልዎታል።»

አሮጊቷ ሳቁና ጓዝ ከሚጭኑት በቅሎዎች በአንዷ ላይ ተቀመጡ። ቁልቁለቱ ስለሚያስፈራ እንዳለው ራሱ ልጓሙን ያዘ።

«ውዱ ያለው ደረሰ» አለች እስከዳር ከኋላ። «ይኸው ያለ አቤቱታ በቅሎ ነጂ ሆንህ።»

እኩለ መንገድ ላይ አሮጊቷ ስንት እንደቀረ ጠየቁ። እንዳለው አፉን ሲከፍት እስከዳር ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ገና ነው» አለ።

ለመንገደኛ እንዲህ ያለ ክፉ ቃል ሲናገር በዕድሜው የመጀመሪያው ነው።