ዘጠነኛዋ ጎድጓዳ

ሠላሳ አንድ ዓመት የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠብቄአለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ብሎን አልጎደለችብኝም። ሠራተኞቹ ከኋላዬ «ቆጣሪው» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር፤ አልተከፋሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጡረታ ስወጣ ቁልፉን አስረከብኩ እንጂ ጠባዩን አላስረከብኩም።

ስለዚህ ልጄ መካኒክ ልታገባ እንደሆነ ስትነግረኝ መጀመሪያ ያየሁት እጆቹን ነው። መልኩን እሷ አይታዋለች። ጣቶቹ ረጃጅምና ፈጣን ናቸው፤ ዕቃ ሲያነሱ ድምፅ አያሰሙም። ይህን አልወደድኩትም።

«እስቲ ይምጣና አሮጊቷን ያስነሳልኝ» አልኳት። አሮጊቷ መኪናዬ ናት። የልጄ እናት ካረፈች ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ ግቢው ጥግ በሸራ ተሸፍና ቆማለች።

መጣ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ፍሬኑን ሠራ፣ በሁለተኛው ጎማዎቹን። ከወንበሬ ሳልነሳ ጠበቅሁት። ከመነሻው አስጠንቅቄዋለሁ፦ ከውጭ አንዲት ዕቃ እንዳትገባ! የመካኒክን ነገር አውቃለሁ፤ ደህናውን ነቅሎ ይወስድና ውዳቂውን ገጥሞ «አዲስ ነው» ይላል። «እሺ አባባ» አለኝ። ቶሎ እሺ የሚል ሰው ደግሞ አላምንም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሳሎን በር ላይ ያዘችኝ።

«አባዬ፣ እንደ ሌባ ስትጠብቀው ዝም ብያለሁ። ዛሬ ወይ እሺ ወይ እምቢ በለን። ካሳፈርከው ግን አብሬው ነው የምወጣው፤ አልመለስም።»

እንደ እናቷ ድምጿን ሳታነሳ ነው የምትቆጣው። ፈራሁ። ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?

የዕለቱ ሥራ ካርቡሬተሩ ነበር። ነቅሎ አመጣውና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፈን አስቀመጥነው። «ቤንዚን አይገባበትም አባባ። መግቢያውን የምትከፍትና የምትዘጋ ትንሽ መርፌ አለች፤ እሷን ነው የጠረጠርኩት» አለ። ለመጠርጠሩስ እኔም አላነስኩም። ከመኪናዋ መጽሐፍ የካርቡሬተሩን አሥራ ዘጠኝ ዕቃዎች ዝርዝር ቀድሜ ጽፌአለሁ። የእንቁላል ካርቶን አምጥቼ ጎድጓዶቹን በእስክሪብቶ ቁጥር ሰጥቻለሁ። እሱ ይፈታል፤ እኔ በቤንዚን አጥቤ እያንዳንዱን በየጎድጓዳው አስቀምጥና ዝርዝሩ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። እንደ ድሮው ገቢ ዕቃ ስመዘግብ ደስ አለኝ፤ ለጥቂት ጊዜም እሱን መጠበቄን ረሳሁ።

ጨርቅ ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ግን እጁ ሱሪው ኪስ ውስጥ ነበር። ሲያየኝ አወጣው። ባዶውን።

ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ። ዘጠነኛዋ ጎድጓዳ ባዶ ናት፤ የመርፌዋ ቦታ።

«መርፌዋስ?»

«የካርቡሬተሩን ክዳን አንዴ ያቀብሉኝ» አለና እጁን ዘረጋ።

ማዘናጊያ መሰለኝ። «ክዳኑን ተወው። ኪስህን ገልብጥ» አልኩት።

«አባዬ!» አለች ልጄ ከምድጃው አጠገብ።

«ይገልብጣ! ንጹሕ ከሆነ ምን ያስፈራዋል?»

ፊቱ ቀላ። ኪሱን ገለበጠ። መሐረብ፣ የቤት ቁልፍ፣ የታጠፈ ወረቀት። ወረቀቱን ስዘረጋው ውስጡ አንዲት የናስ መርፌ ታበራለች።

«እጅ ከፍንጅ!» አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ንዴት አልነበረም፤ ደስታ ነው። ልክ ነበርኩ።

«የእርስዎ አይደለችም አባባ። አዲስ ናት። ምናልባት የድሮዋ ካለቀች ብዬ . . . ከውጭ አይግባ ስላሉኝ ነው የደበቅኋት።»

«የግምጃ ቤት ሌባ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው።»

መርፌዋን ዘጠነኛዋ ጎድጓዳ ውስጥ አስቀመጣት፣ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ ፎጣውን አጥፎ ሰቀለ። «ደህና ይዋሉ» አለኝ። ልጄ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተከተለችው፤ ዞር ብላም አላየችኝም።

ብቻዬን ቀረሁ። እልኸኛ ነኝና መግጠም ጀመርኩ። ክዳኑን ገልብጬ መርፌዋን ማስገቢያው ውስጥ ልከት ስል እምቢ አለች። ገፋኋት። አልገባችም። መነጽሬን አድርጌ መስኮት ዳር ወስጄ አየሁ።

ውስጡ ሌላ መርፌ አለች። የደረቀ ቤንዚን እንደ ሙጫ አጣብቋት መግቢያውን ዘግታ ቁጭ ብላለች። ወደ ጠረጴዛው መልሼ በቤንዚን አራስኳት፣ በክብሪት እንጨት ገፋ አደረግኋት፤ ጠብ ብላ ጋዜጣው ላይ ወደቀች። ጫፏ ዙሪያውን ተበልቷል።

ክው አልኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ልጁ ክዳኑን የለመነኝ ለዚህ ነበር። ጠርጥር ከገንፎም አለ ስንጥር ይላሉ፤ እኔ ስንጥር ስፈልግ ገንፎውን ደፋሁት።

አዲሷን ከትቼ ገጠምኩ። ካርቡሬተሩን መልሼ አሰርኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። አሮጊቷ ሁለቴ አሳላትና ተነሳች። አጠገቤ እልል የሚል ሰው አልነበረም።

እየነዳኋት ልጁ የሚሠራበት ጋራዥ በር ላይ ደረስኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆንም ሠራተኞች ነበሩ። እሱ ቱታውን ለብሶ አንድ ሞተር ላይ አጎንብሷል፤ ልጄ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩ። በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ምን ልበል? ሰው ሁሉ እያየኝ ኪሶቼን ገለበጥኩ። መሐረብ፣ የመነጽር ቤት፣ ያ ዝርዝር፣ የተበላችው መርፌ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ።

«ቁጠር» አልኩት። «ከክዳኑ አልወጣችም ነበር። በድዬሃለሁ ልጄ። ለጥያቄያችሁም መልሴ እሺ ነው።»

መርፌዋን ከመዳፌ አንስቶ በፀሐይ አያት። ከዚያ ጆሮውን ወደ መኪናዋ ጣል አደረገ።

«ሚኒሞው በዝቷል፤ በቆመችበት እንዲህ መጮህ የለባትም» አለ። «ላስተካክልልዎት።»

ነገሩ ዳነ፣ አልኩ በልቤ። ካቻቢቴውን አነሳና ወደ መኪናዬ ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቆመ። መሐረቡን፣ የቤት ቁልፉን፣ ቱታው ኪስ ውስጥ የነበሩትን ብሎኖች አንድ በአንድ አውጥቶ ልጄ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። ባዶ ኪሱን ይዞ ኮፈኑን ከፈተ።

ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ ከእኔ ሊጠነቀቅ ነው። ቢያሾፍብኝ በተሻለኝ። ልጄ ዕቃዎቹን እንደታቀፈች ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም የራሴ ኪሶች እንደተገለበጡ ቆሜ ቀረሁ።