ና ልጄ

በድሩ ከመደርደሪያው ላይ የባጃጅ ፍሬን ሸራ እያወረደ ሳለ የገዛ ድምፁን ሰማ።

ድምፁ የመጣው ከደንበኛው ስልክ ነበር። ባንኮኒውን ተደግፎ ዕቃውን የሚጠብቀው ባለባጃጅ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ትከሻው እስኪነቃነቅ ይስቃል። «ልጅቷ የጠፋችው ወድዳ አይደለም!» ይላል ስልኩ ውስጥ ያለው በድሩ። «እናትየዋ ‹ና ልጄ፣ ና ልጄ› እያለች ስትጣራ፣ ወንድሜን ነው የምትጠራው ብላ ነው ሳትመጣ የቀረችው!» ከዚያ የብዙ ሰው ሳቅ ተከተለ፤ ብርጭቆ ተንኳኳ፤ አንዱ ጠረጴዛ ደበደበ።

«ጋሽ በድሩ፣ ይሄ የእርስዎ ድምፅ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው» አለ በድሩ ከመሰላሉ እየወረደ።

«እርስዎማ ሰው ይገድላሉ! ቴፒ ያለው ወንድሜ ነው የላከልኝ። እዚያማ መናኸሪያው ሁሉ እናትየዋን ሆና የምትጫወተውን ልጅ ‹ና ልጄ› ነው አሉ የሚላት። አናናስ የምትሸጥ ልጅ ናት። በሄደችበት እየተከተሉ ‹ና ልጄ!› እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ነሷት። ቲያትሩንም ትታዋለች አለኝ።» ሰውዬው ይህን ሁሉ የሚያወራው ደስ እያለው ነው።

በድሩ ፍሬን ሸራውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። ሰውዬው ከሄደ በኋላም ግሪስ የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ እዚያው ቆመ። እጁ ከጸዳም በኋላ መጥረጉን አልተወም።

ሚዛን ተፈሪ ላይ ቲያትር የሚወድ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። አዳራሹ ውስጥ ተውኔት በታየ ቁጥር፣ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ የበየነች ሻይ ቤት ይሞላል። እዚያ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዋ ህሊና ትመጣለች፤ ባንክ የሚሠራው ባስልኤል የተባለውን ሁሉ ሊቀርጽ ስልኩን እንደደገነ ይመጣል፤ ሌሎችም አሉ። የሁሉም ዓይን የሚያርፈው ግን በድሩ ላይ ነው። መለዋወጫ ይሽጥ እንጂ አንደበቱ የታወቀ ነው። «በድሩ ምን አለ?» ሳይባል ስለ አንድ ቲያትር የተወራው እንደ ወሬ አይቆጠርም።

በዚያ ሰሞን ሁለት ሙዚቃዊ ተውኔቶች ታይተው ነበር። አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ሌላው የቴፒ ወጣቶች ያዘጋጁት «እሸቱ ሳይለቀም» የሚል ነው፤ ልጇ ሳትነግራት አረብ አገር የሄደችባት እናት ታሪክ። ያለፈው እሑድ ክርክሩ እንዲህ ነበር የጀመረው።

«የአዲስ አበባዎቹ በመብራታቸው አሸንፈውኛል» አለ ባስልኤል።

«መብራት ይዘፍናል እንዴ?» አለችው ህሊና። «እነሱ ወሬያቸውን ያቆሙና ይዘፍናሉ፣ ዘፈናቸውን ያቆሙና ያወራሉ። የቴፒዎቹ ግን ዘፈኑን ከታሪኩ ብታወጣው ታሪኩ ይፈርሳል። ደግሞ በራሳቸው ጉሮሮ ነው የዘፈኑት።»

«ጉሮሮውስ ይሁን፤ ከበሮው ግን ግጥሙን ዋጠው።»

«ከበሮ መቺው እናትየዋን ሲከተል አላየኸውም? ስትተነፍስ እንኳ ይጠብቃታል።»

«እናትየዋስ?» አለ ባስልኤል ወደ በድሩ እየዞረ። ከዚያ ፊቱን ትኩር ብሎ አየው። «አንተ፣ ዓይንህ ቀልቷል ልበል?»

በድሩ ያችን ቀልድ የተናገረው ያኔ ነው። አላሰበባትም፤ ሰው ድንጋይ ሲወረወርበት እጁን ፊቱ ላይ እንደሚያደርገው በድንገት አወጣት። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ስለ ዓይኑም ዳግመኛ የጠየቀው የለም።

«ሰማኸው?» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። ሚስቱ ዐፊፋ ነበረች፤ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆማ ታየዋለች።

«አንቺም ሰምተሽዋል?»

«እኔማ ሳምንቱን ሙሉ ስሰማው ነው የከረምኩት። አንተ ነህ ገና ዛሬ የሰማኸው።»

«ለጨዋታ ያልኩት ነው እኮ ዐፊፋ። እንዲህ አገር ያዳርሳል ብዬ መቼ አሰብኩ።»

«አገር ባያዳርስስ?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። ልጅቷ ‹ና ልጄ› ስትል የሻርፔን ጫፍ ስበህ ዓይንህን ጠርገሃል። እማማ ዘይቱን ነው ያየኸው። እኔም እሳቸውን ነው ያየሁት።»

በድሩ ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ጣለ። እናቱ ዘይቱ ከጅማ ገጠር ተድራ ስትመጣ ከኦሮምኛ በቀር አታውቅም ነበር። አማርኛን የለቀመችው ከገበያ ነው። ለእሷ ሰው ሁሉ «አንተ» ነበር፤ ሴት ልጇንም፣ ጎረቤቷንም፣ ፍየሏንም «ና» ነበር የምትለው። ገበያተኛው ሲስቅባት አብራ ትስቅ ነበር፤ ቤቷ ስትገባ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ትላለች። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያንን «ና» እንደ እሷ አድርጎ ያለው ሰው አልገጠመውም፤ ያቺ የማያውቃት ልጅ መድረክ ላይ ቆማ እስክትለው ድረስ።

የቴፒዎቹ ተውኔት አዘጋጅ ዓለምሰገድ ጋ ደወለ።

«ዛሬ ከሰዓት ቴፒ ላይ ታሳያላችሁ አይደል?»

«እናሳያለን» አለ ዓለምሰገድ። ሌላ ጊዜ «በድሩዬ» የሚለው ሰው ዛሬ ስሙንም አልጠራውም። «እናትየዋን የምትሆነው ልጅ፣ ተሾመች፣ ግን አልሠራም ብላለች። ሌላ ልጅ ግጥሙን እያጠናች ነው። እንደውም ላመሰግንህ ይገባል፤ አዳራሹ ሊሞላልን ነው። ሰው ሊስቅ ነው የሚመጣው።»

ስልኩ ተዘጋ። ዐፊፋ የሱቁን ቁልፍ ከእጁ ወሰደች። «ለሱቁ እኔ አለሁ» አለችው። «ሂድ።»

የቴፒ መንገድ በሌላ ቀን ቢሆን ደስ የሚል ነው፤ ግራና ቀኙ ደን ነው፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡናው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በድሩ ምንም አላየም። ይቅርታውን እያዘጋጀ ነበር። አንዱን ጀምሮ ይተወዋል፤ ሌላውን ሲጀምር ቀልድ ይሆንበታል። ለማንም ለምንም ቃል የማያጣው ሰው፣ ሚኒባሱ መናኸሪያው ሲገባ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ አልያዘም።

ልጅቷን ለማግኘት አልተቸገረም። ከአናናስ ክምር ጀርባ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። መድረክ ላይ ትልቅ ሴት መስላው ነበር፤ እዚህ ሲያያት ገና ልጅ እግር ናት። አጠገቧ ሙዝ የምትሸጠውን ሴት ቀና ብላ አየቻትና፣

«ወሰንየለሽ፣ ቢላውን አምጣ…» ብላ ቆመች። ከንፈሯን ነከሰች። «አምጪ… አምጪልኝ።»

ሙዝ ሻጯ ቢላውን እያቀበለቻት፣ «ይኸው ስንት ዘመን ‹አምጣ› ስትይኝ ኖርሽ፤ ዛሬ ምን አድርጌሽ ነው?» አለቻት። ተሾመች ቢላውን ተቀብላ አናናስ አነሣች።

በድሩ ይህን ከቆመበት ሰማ። ልጅቷ እያንዳንዱን ቃል ከአፏ ከመውጣቱ በፊት እንደምትፈትሸው ገባው። ይቅርታ በማለት ፈንታ፣ «አናናሱ በስንት ነው?» አለ።

ቢላው እጇ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችው። ፊቱን አታውቀውም።

«ድምፅህን አውቀዋለሁ» አለች።

«በድሩ እባላለሁ። ከሚዛን ነው የመጣሁት።» ከዚያ በኋላ ቃሉ ሁሉ ተደራርቦ መጣ። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አማርኛ ስትናገር ልክ እንዳንቺ ነበረች። እሑድ ዕለት ስትዘፍኚ እሷን ያየሁ መሰለኝ። አልቅሼ ነበር። አላህ ምስክሬ ነው አልቅሼ ነበር።»

«አለቀስክ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ሳቅክብኝ?»

በድሩ ከሚኒባሶቹ ወደ አንዱ ዓይኑን አሸሸ። «ሰው እያየኝ ነበር» አለ።

«እኔንስ?» አለች ተሾመች። «እኔንም ሰው እያየኝ ነበር።»

አናናሱን መላጥ ጀመረች። ቅርፊቱ በረጅሙ እየተላጠ ይወርዳል። በድሩ ልሂድ ወይስ ልቆይ ሳይል እንደተገተረ፣ ከአንድ ሚኒባስ በር ላይ የተንጠለጠለ ረዳት «ና ልጄ!» ብሎ ጮኸ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። በድሩ ደሙ ፈልቶ ወደ እነሱ ሲራመድ እሷ ጠራችው።

«ተው! ምን ልትላቸው ነው? ካንተ ሰምተው ነው።»

ተመለሰ። ያመመው ወቀሳው ሳይሆን እውነትነቱ ነው።

«ቤታችን የሸካን ቋንቋ፣ ሸኪ ኖኖ ነው የምንናገረው» አለች ቢላዋ ላይ እንዳቀረቀረች። «እናቴ የምትኖረው ጌጫ ነው። አማርኛ የተማርኩት እዚህ፣ መናኸሪያ ነው። ዘፈኑን ግን ማንም አልሰጠኝም። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ዓለምሰገድ ‹ልጅሽ ብትጠፋ ምን ትያለሽ?› አለኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ያልኩት ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ሌላ ሰው ሲዘፍነው ዝም ልትዪ ነው?»

ወሰንየለሽ ሙዟን እያስተካከለች ጣልቃ ገባች። «በላት! እኔም ከጠዋት ጀምሮ የምላት ይሄንኑ ነው። የራስሽን ልጅ ለሰው ሰጥተሽ ትቀሪያለሽ?»

ተሾመች አናናሱን ልጣ ጨረሰች። ከዚያ የተላጠውን አናናስ ላስቲክ ውስጥ አድርጋ ለወሰንየለሽ ሰጠቻትና ተነሣች። እጇን ታጥባ በቀሚሷ ጠረገች።

«እሄዳለሁ» አለች። በድሩን ቀና ብላ አየችው። «አንተ ስለመጣህ እንዳይመስልህ። ደግሞ ዛሬ አይስቁም። አጥንቼዋለሁ።»

አዳራሹ ዓለምሰገድ እንዳለው ሞልቶ ነበር። ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ከፊት ተደርድረዋል። በድሩ ከመካከል፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀመጠ። ተሾመች ወደ መድረኩ ስትወጣ ፉጨትና ጉርምርምታ ተነሣ፤ እሷ ግን አላየቻቸውም። የልጇ መሄድ ተነገራት፤ ባዶውን አልጋ ነካካችው፤ ወደ በሩ ሄደች። ከበሮው ቀስ ብሎ ጀመረ።

ዘፈኑ እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ቆመች። ቦይ ሊዘል እንደሚንደረደር ሰው ትንሽ ወደ ኋላ አለች። ከበሮ መቺው ጠበቃት።

«ነይ… ልጄ» አለች። ጥርት ያለ፣ ስሕተት የሌለበት «ነይ» ነው። ሊስቁ የመጡት የሚስቁበት አጡ። አንዳንዱ አጨበጨበ፤ ከበድሩ ኋላ የተቀመጠ ሰውዬ «አየህ! ተምራለች!» ሲል ተሰማ። እሷም ጭብጨባውን ሰማች መሰል ትከሻዋ ቀና አለ። በሁለተኛውም ዙር ቆመች፤ በሦስተኛውም ቆመች፤ ከበሮውም በየቦታው ቆሞ ጠበቃት። ዘፈኑ እንደ አንካሳ እያነከሰ መጨረሻው ደረሰ። በሩ ላይ የቆመችው ሴት ልጇን እየጠራች አልነበረም፤ እንዳትሳሳት ቃሏን እየጠበቀች ነበር።

በድሩ ዓይኖቹ እንደ ደረቅ ድንጋይ ሆኑበት። እንባ እንዲመጣለት እናቱን አሰበ። አልመጣለትም። እንግዲህ ይቅር ሊባልም ላይባልም ይችላል፤ ዘፈኑ ግን ተወስዷል፤ የወሰደውም እሱ ነው።

ከቲያትሩ በኋላ ሰዉ እየወጣ ሳለ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረው። ባስልኤል ነው። የሻይ ቤቱ ሰዎች ቴፒ መምጣቱ ደርሷቸው ፍርዱን ሊሰሙ እየጠበቁ መሆናቸውን አወቀ፤ ቀልዷም ሳይጠራት ከምላሱ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች፤ ከመጀመሪያዋም የምትሻል ነበረች። ዋጣትና ስልኩን ሙሉ በሙሉ አጠፋው።

ተሾመች በኋላ በር ወጣች። የመድረኩን ሻሽ አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። ፊቷ ላይ ላብ አለ፤ ዓይኗ ያበራል። አዳራሹ አልሳቀባትም። ቀጥ ብላ ወደ እሱ መጣች።

«ሰማኸኝ?» አለችው። «ዛሬስ ትክክል አልኩት?»

ከመንገዱ ማዶ የመጨረሻው ሚኒባስ ረዳት «ሚዛን! ሚዛን! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። «አዎ» ብሎ መሄድ ይቻላል። አንዲት ቃል ናት፤ ልጅቷ ደስ ብሏት ታድራለች፤ እሱም ቀለል ብሎት ቤቱ ይገባል። ስለ እሷ ምንም እንዲናገር መብት እንደሌለውም ያውቃል። ግን እሑድ ዕለት የሰማውን በሳቅ ሸፍኖ ነበር፤ ዛሬ በምስጋና ቢሸፍነው ያው ውሸት ነው።

«ትክክል ነው ያልሽው» አላት። «ግን ዛሬ አላለቀስኩም።»

የተሾመች ፊት ተለዋወጠ። ሻሹን ጨበጠች። ረዳቱ ደግሞ ተጣራ፤ የሚኒባሱ በር ተዘጋ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ። በድሩ ዞር ብሎም አላየው። የምትለውን ሊሰማ፣ ምንም ትበለው፣ እዚያው ቆመ።