ሁለቱ ጠበኞቼ

የመሬት ክርክር ጠበቃ ነኝ። ሰው ሥራዬ ጠብ ማብረድ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ያን ዓመት ሱሉልታ ላይ አንድ ጠብ እንዳይበርድ እጠብቅ ነበር።

ኦቦ ኢተፋና ኦቦ ደቻሳ ማሳቸው የሚዋሰን ሽማግሌ ገበሬዎች ናቸው። ድንበር ገፋኸኝ ተባብለው ሲካሰሱ እኔ ለኦቦ ኢተፋ ቆምኩ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ መሬቱ ለማንም እንዳይተላለፍም እግድ አወጣሁ። ከዚያ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር መጣ። በዙሪያቸው ያለው እርሻ ሁሉ ለባለሀብት ሲሸነሸን የእነሱን ያተረፈው ያ እግድ ብቻ ነበር። ጠቡ ካለቀ ደግሞ እግዱም ያልቃል። ስለዚህ ሁለቱንም በሰው ፊት አይጥና ድመት ሁኑ አልኳቸው፤ እሺ አሉኝ። ለሙያው የማይገባ ምክር መሆኑን አውቃለሁ፤ ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም። ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን አክብረው ገበያ ላይ እንኳ ሰላም ሳይባባሉ ከረሙ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የኦቦ ኢተፋ አንድያ ልጅ፣ ተማሪው ሄመን፣ ማስተር ፕላኑን በመቃወም በተነሳው ሰልፍ መሃል በጥይት ተመትቶ ሞተ። ኦቦ ደቻሳ ደውለው ቀብር ልሂድ ወይ ብለው ጠየቁኝ። መሬቱን የሚፈልገው ባለሀብት ጠበቃ በየቦታው ዓይንና ጆሮ እንዳለው ስለማውቅ፣ ይቅርብዎት አልኳቸው።

«ሂን ዳንደኡ» አሉኝ፤ አልችልም ማለታቸው ነው። ሄዱ፤ ሬሳውንም ከፊት ሆነው ተሸከሙ። ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ።

በችሎቱ ቀጠሮ ቀን፣ በክርክሩ ጣልቃ የገባው የባለሀብቱ ጠበቃ ተነስቶ ሰዎቹ ታርቀዋል፣ እግዱ ይነሳ አለ። ዳኛው ወደ ኦቦ ኢተፋ ዞረው አሁንም ከጎረቤትዎ ጋር ጠብ አላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። አለን ብቻ ይበሉ ብዬ በር ላይ ለምኛቸው ነበር። ሽማግሌው ወደ ኦቦ ደቻሳ ዞሩ።

«ልጄን የተሸከመልኝን ሰው ጠላቴ ነው ልበል?»

መዝገቡ ተዘጋ፣ እግዱ ተነሳ።

ስወጣ ሁለቱ በሰው ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። ይወቅሱኛል ብዬ ተጠጋሁ። የሚነጋገሩት ግን ስለ ገብሱ ነበር፤ ዶዘሩ ሳይደርስ ታጭዶ መነሳት አለበት፣ ከማን ማሳ ይጀመር?

«ካንተ እንጀምር» አሉ ኦቦ ደቻሳ። «አብሮህ የሚያጭድ ሄመን የለም።»