የሸዋዓለም ደም

"ኩላሊት እኮ ሁለት ነው። አንዱን ቢሰጣት ምን ይጎድልበት ነበር?"

አንዲት ለቀስተኛ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። አንለይ ግን ከድንኳኑ ጥግ ሆኖ ሰማት፤ አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ሸዋዓለም ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ወንድሟ አለኸኝ ከአንበሳሜ መጥቶ፣ ከቀብሩ ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሰለትም።

"መልስ እንጂ!" አለ አለኸኝ በድንገት። "የኔ የደም ዓይነት አልገጠመም ብለው መለሱኝ። አንተ ግን ህንድ ድረስ ይዘሃት ሄደህ፣ ምነው እጅህን ሰበሰብክ?"

 የአሥራ ሁለት ዓመቷ ፀደይ ከሴቶቹ መሀል ቀና ብላ አባቷን አየችው። አንለይ ተነሳና የሚስቱን ወንድም በክንዱ ይዞ ወደ ሩዝ ማሳው ዳር ወጣ።

"ልሰጣት ነበር" አለው። "ሐኪሙ የሁለታችንን ደም አገናኝቶ ቢመረምር፣ የሷ ደም የኔን ሥጋ እንደ ጠላት ያየዋል።"

"ምን አርገሃት?"

"ወልዳልኝ። ያረገዘች ሴት ደሟ ከልጁ ላይ የአባቱን ነገር ያውቅና መዋጋት ይለምዳል አለኝ። ፀደይን ስትወልድም ደም ፈስሷት የሰው ደም ተሰጥቷት የለ? እሱም ጨመረበት።"

እዚያው ህንድ ሁለት ወር ሙሉ ደሟን በማሽን እያጣሩ፣ ያንን የሚዋጋውን ነገር የሚያበርድ መድኃኒት ሰጧት። የሚዋጋው ነገር መጠን ሲወርድ ሸዋዓለም "ደረስን እኮ!" ብላ ትስቃለች። በሳምንቱ ተመልሶ ያሻቅባል። በመጨረሻ መድኃኒቱ ያደከመውን ሰውነቷን የሳንባ ምች አገኘው።

"ታዲያ ለምን አልነገርኸንም?"

"አስምላኝ ነዋ! 'ልጄ እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ብላ እንዳታድግ' አለችኝ።"

አለኸኝ ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ቀድሞ ወደ ድንኳኑ ገባ።

"ስሙኝማ" አለ ለተቀመጠው ሁሉ። "አንለይ ሊሰጣት ነበር። እንደኔው አልገጠመም አሉት። ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካው።"

ሄዶም ከአንለይ ጎን ተቀመጠ። ፀደይ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መጣችና ከአባቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። አንለይ ለሐዘን የተላጨውን ራሷን በሁለት መዳፉ ሸፈነው።